ውሃ የሚያስገባውን የዋና መነጽሬን ያስተካከልኩበት መንገድ

ከመዋኛ ገንዳ በወጣሁ ቁጥር ዓይኖቼ ቀልተው እስከ ማታ ይቆጠቁጡኝ ነበር፤ መነጽር ባደርግም በግራ በኩል ውሃ ይገባል። በመጀመሪያ ላስቲኩን አጥብቄ አሰርኩት፤ ይህ ግን የዓይን ዙሪያውን ጎማ ከቅርጹ ስላጣመመው ፍሳሹን አባሰው። መቅላትን የሚቀንስ የዓይን ጠብታም ሞከርኩ፤ ቅላቱን ለጥቂት ሰዓታት ከመደበቅ በቀር መንስኤውን አልነካም።

መፍትሔውን ያገኘሁት መነጽሩን ያለ ላስቲክ ስሞክረው ነው። ሁለቱን ጎኖች በዓይን ዙሪያ በቀስታ ተጭነው ሲለቋቸው ለ2 ወይም ለ3 ሰከንድ በራሳቸው ተጣብቀው ካልቆዩ መነጽሩ ለፊትዎ ልክ አይደለም፤ የእኔ ግራው ወዲያው ወደቀ። በአፍንጫ ላይ የሚያርፈውን ማገናኛ አነስ ባለው (ከማሸጊያው ውስጥ ሳላየው የቆየ ነበር) ስለውጠው ፍሳሹ ቆመ፤ ከዚያም ላስቲኩን ከጆሮዬ በላይ ከፍ አድርጌ አላላሁት።

ዓይንን በዋናነት የሚያቃጥለው ንጹሕ ክሎሪን ሳይሆን ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠረው ክሎራሚን ስለሆነ፣ ከመግባቴ በፊት ገላዬን በሳሙና እታጠባለሁ። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ሰው ግን መነጽሩ በልኩ ቢሆንም ሌንሱን አውጥቶ ይዋኝ፤ አካንታሚባ የተባለው በውሃ ውስጥ የሚኖር ረቂቅ ተሕዋስ ከሌንሱ ሥር ገብቶ ዓይንን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።