የዩኒቨርሲቲ ማርኬቲንግ ቡድናችሁ ኤአይ ከጀመረ በኋላ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የዩኒቨርሲቲ ሕዝብ ግንኙነትና ማርኬቲንግ ቡድን እየመራችሁ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ማስገባት ከጀመራችሁ፣ ከታች ካሉት ችግሮች ቢያንስ አንዱ ገጥሟችኋል ብዬ እገምታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም። እኛ አለቆቹ ሳንወስን የተውነው ነገር አለ።

ፖስቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ

የምዝገባ ማስታወቂያውም፣ የተመራቂዎቹ ዜናም፣ የአዲሱ ላብራቶሪ ወሬም "በዛሬው ፈጣን ዓለም" ብሎ ይጀምርና "ብሩህ ነገን እንገንባ" ብሎ ያልቃል። የእናንተን ስም አውጥታችሁ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ብታስገቡበት ማንም አይነቃም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የቡድኑ ልጆች ቻትጂፒቲን፣ ማለትም ጽሑፍ የሚጽፈውን ኤአይ፣ የሚጠይቁት በአንድ መስመር ነው፦ "ስለ ነርሲንግ ትምህርት ክፍል ፖስት ጻፍልኝ።" ስለ እናንተ ነርሲንግ ምን ያውቃል? ምንም። ስለዚህ የትም የሚባለውን ይላል።

መፍትሄው ከመጻፍ በፊት ነው። አንድ ሰው ትምህርት ክፍሉ ድረስ ይሂድ፤ ተማሪዎቹ ለተግባር ልምምድ የትኛው ሆስፒታል እንደሚወጡ፣ ስንተኛ ዓመት ላይ እንደሚጀምሩ፣ የማታ ትምህርት መኖር አለመኖሩን፣ ክፍያው ስንት እንደሆነ ጠይቆ ይምጣ። ያንን ማስታወሻ፣ ሰው ወዶ ካነበባቸው አምስት የድሮ ፖስቶቻችሁ ጋር አብራችሁ ስጡት። ልዩነቱን በአንድ ቀን ታዩታላችሁ። መረጃ ሳይዙ ማስጻፍ ግን ውሃ መውቀጥ ነው።

ቀንና ሰዓት ተሳሳተ

ይሄን ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ፣ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አብሬው የሠራሁት አንድ ቡድን፣ ከሬጅስትራር በእንግሊዝኛ የመጣ ማስታወቂያ በኤአይ አስተረጎመ። ዋናው "ኦክቶበር 3፣ 8፡00 ኤኤም" ይላል። በአማርኛ የወጣው "ጥቅምት 3፣ ከጠዋቱ 8 ሰዓት" ነው። መሆን የነበረበት ሐሙስ፣ መስከረም 23፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት። ጽሑፉ በቴሌግራም ተለቀቀ። ጥቅምት 3 እሁድ ነበር። አንድ አባት ልጁን ይዞ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ዝግ በር ጠበቀው፤ ምዝገባው ካለፈ 10 ቀን ሆኖታል። ጥበቃው ሲነግረው ስልኩን አውጥቶ የኛኑ ማስታወቂያ አሳየው።

ኤአዩ የወሩን ስም ለወጠ እንጂ ቀኑን አላሰላም፤ በእኛና በፈረንጆቹ ሰዓት አቆጣጠር መካከል የ6 ሰዓት ልዩነት እንዳለም ዘለለው። ዋናው ምክንያት ግን ይሄ አይደለም። ያንን ጽሑፍ ሦስት ሰው አይቶታል፣ ሦስቱም ሌላው ያረመው መስሏቸዋል።

ስለዚህ ቀን፣ ሰዓት፣ ክፍያ፣ የመግቢያ ነጥብና ስልክ ቁጥር በኤአይ አይተረጎሙ። ረቂቁ ላይ ባዶ ቦታ ይተውላቸው። በስም የተመደበ አንድ ሰው የሬጅስትራሩን ወረቀት እያየ በእጁ ይሙላቸው፣ ይፈርምበትም። ሁለቱን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ጻፉ፣ የሳምንቱንም ቀን ጨምሩ። "ሐሙስ" የሚል አንድ ቃል ቢኖር ኖሮ ያ አባት ጥቅምት 3 እሁድ መሆኑን አይቶ ይደውል ነበር።

ቡድኑ ወይ ይደብቃል ወይ እምቢ ይላል

አንዱ በድብቅ ይጠቀማል። ሌላዋ ለዓመታት ዜና የጻፈች ናት፣ "እኔ አልነካውም" ትላለች። ሁለቱንም የያዛቸው ያው ፍርሃት ነው፦ ከሥራ ልንባረር ነው ወይ? ይህን ሳትመልሱ ሥልጠና ብታዘጋጁ ገንዘብ ማባከን ነው። ማንም በዚህ ምክንያት እንደማይቀነስ ንገሯቸው፤ እውነት ካልሆነ ግን አትዋሹ፣ ያለውን ንገሯቸው። ከዚያ የራሳችሁን ረቂቅ ከነስህተቱ ስክሪን ላይ አሳዩ። እምቢ ያለችውን አራሚ አድርጓት። አንዱ መስመር ላይ "አንተ" ብሎ ቀጥሎ "እርስዎ" የሚለውን ጽሑፍ ከእሷ ቀድሞ የሚይዝ የለም።

የተማሪ መረጃ ወጣ

የአመልካቾችን ስም፣ ስልክና ውጤት የግል የኤአይ አካውንቱ ላይ ኮፒ ፔስት አድርጎ "በየክፍሉ ለይልኝ" የሚል ሠራተኛ አለ። በክፋት አይደለም፣ የቢሮ አካውንት የገዛለት የለም። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ነገሩ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቢሮ አካውንት ግዙ። ኤአይ ውስጥ የማይገባውን መረጃ ዘርዝራችሁ በአንድ ገጽ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

የሐዘን መልእክቱ ሰው አስቆጣ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 ሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሦስት ተማሪዎች በጥይት ተገደሉ። አሜሪካ ያለው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ፒቦዲ ኮሌጅ ለተማሪዎቹ የማጽናኛ ኢሜይል ላከ፤ ግርጌው ላይ ከቻትጂፒቲ የተወሰደ መሆኑ ተጽፏል። ተማሪዎቹ ተቆጡ፣ ኮሌጁም ይቅርታ ጠየቀ። ያ መልእክት የሰዋስው ችግር አልነበረበትም። ሐዘንተኛው የፈለገው ሰው ነበር።

እዚህ ላይ ማስተካከል የለም፣ መከልከል ነው። ተማሪ ሲሞት ቤተሰቡ ጋ ደውሉ፣ ከዚያ እናንተው ጻፉ፦ የልጁ ስም፣ ትምህርት ክፍሉ፣ ቀብሩ የትና መቼ እንደሆነ፣ ለመሄድ የሚፈልጉ ጓደኞቹ አውቶቡስ የት እንደሚጠብቃቸው። አራት መስመር ይበቃል።