ስለ ፔንግዊን መኖሪያ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ፔንግዊን ሲባል ቶሎ ዓይናችን ላይ የሚመጣው በረዶ ነው። ካርቱን እያየን ስላደግን አይፈረድብንም። ግን ልጅ ሲጠይቃችሁ ወይም ለትምህርት ቤት ስታዘጋጁ እነዚህን ስህተቶች ብትተዉ ይሻላል።

"ከነጭ ድብ ጋር ይኖራሉ።" በጭራሽ። ድቡ ያለው በሰሜን ዋልታ በኩል ነው፣ ፔንግዊን ደግሞ በደቡብ። በዱር ተያይተው አያውቁም።

"ሁሉም በረዶ ላይ ነው የሚኖሩት።" ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ዝርያቸው 18 ገደማ ሲሆን ከበረዶው ጋር በጣም የተቆራኙት ንጉሠ ነገሥት ፔንግዊንና አዴሊ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ የሚዋለደው በአንታርክቲካ ክረምት ነው። ወንዱ እንቁላሉን እግሩ ላይ አድርጎ፣ በሆዱ ቆዳ ሸፍኖ፣ ምንም ሳይቀምስ ሁለት ወር ያህል ይታቀፋል። እንዲህ ያለ ጉድ ስለሚሠራ ዝናውን ሁሉ እሱ ወሰደው። የፊዮርድላንድ ፔንግዊን ግን ኒውዚላንድ ውስጥ ዝናብ በማያጣው ደን፣ ከዛፍ ሥር ጎጆውን ይሠራል። የሀምቦልቱ ደግሞ በፔሩና በቺሊ ደረቅ ዳርቻ ይኖራል። የጋላፓጎሱ ጭራሽ የምድር ወገብ ላይ ነው፤ ጥቂቶቹ እንዲያውም ከወገቡ በስተሰሜን ይገኛሉ። ፀሐይ ሲበረታባቸው ክንፋቸውን ዘርግተው እግራቸውን ያጠላሉ።

"እንግዲያው ሙቀት ይስማማቸዋል።" እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። አየሩን ሳይሆን ውሃውን ነው ማየት ያለብን። ጋላፓጎስን፣ የፔሩን ዳርቻና የደቡብ አፍሪካን ምዕራባዊ ጠረፍ የሚያመሳስላቸው በየአካባቢያቸው ያለው ቀዝቃዛ የባሕር ጅረት ነው። ከታች የሚወጣው ቀዝቃዛ ውሃ ምግብ ይዞ ይመጣል፤ ዓሣውም ወደዚያው ይጎርፋል። በኤልኒኞ ጊዜ ባሕሩ ሲሞቅ ዓሣው ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1982-83 የጋላፓጎስ ፔንግዊኖች አብዛኞቹ ያለቁት በዚህ ምክንያት ነው።

"አፍሪካ ውስጥ ፔንግዊን የለም።" አለ እንጂ! ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አለ፤ ድምፁ ቁርጥ የአህያ ነው። ከዓይኑ በላይ ያለችው ሮዝ ቆዳ ጌጥ እንዳትመስላችሁ። ሲሞቀው ደሙ ወደዚያ እየሄደ ሙቀቱን ያስወጣለታል። ድሮ ጎጆውን የሚቆፍረው ለዘመናት በተከመረ የወፍ ኩስ ውስጥ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ኩሱን ለማዳበሪያ ብሎ ጠርጎ ወሰደው። ወፉም እንቁላሉን ፀሐይ ላይ፣ ለሌባ ወፎች ተጋልጦ ለመታቀፍ ተገደደ። ዛሬ ሰዎች ሰው ሠራሽ ጎጆ ያስቀምጡለታል። ችግሩ ግን የሚበላቸው ትናንሽ ዓሦች፣ ሰርዲንና አንቾቪም እየጠፉበት ነው። በ2024 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዘገበ፤ የሚዋለዱት ጥንዶች ከ10,000 በታች ወርደዋል። በ2025 በፍርድ ቤት ትእዛዝ በስድስት መራቢያዎቹ ዙሪያ ለአሥር ዓመት የዓሣ ማስገር ገደብ ተጣለ። ዘግይቷል፣ ቢሆንም ይበል የሚያሰኝ ነው።

"የቆመው ታሟል፣ ውሃ ውስጥ እንክተተው።" ይሄ ለጎብኚዎች ነው። ኬፕታውን ያላችሁ ሳይመንስ ታውን አጠገብ ቦልደርስ ዳርቻ ብትሄዱ ላባው የተቦጫጨቀ፣ ፈዝዞ የቆመ ፔንግዊን ታዩ ይሆናል። በዓመት አንዴ ላባውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ይለውጣል። አዲሱ እስኪወጣ ሦስት ሳምንት ገደማ ውሃ ስለሚያስገባ አይዋኝም፣ አይበላም። ባሕር ውስጥ ብትከቱት ትጎዱታላችሁ። ለመንካትም አትሞክሩ፤ ምንቃሩ ስለት ነው፣ ያቆስላል። ስትመለሱም መኪናችሁን ከማስነሳታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ከሥር እዩ፤ ጥላ ፍለጋ እዚያ መግባት ይወዳሉ።