ጨምሮ መክፈል የሚያዋጣው በየትኛው ዕቃ ላይ ነው?

ለዕለት ኑሮ ከምንገዛቸው ዕቃዎች መካከል ዋጋው ከፍ ያለውን መምረጥ የሚያዋጣው በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ነው። እነዚህን ለመለየት ሁለት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ዕቃው ሲበላሽ ጉዳቱ በራሱ ላይ ያበቃል ወይስ ቤትን፣ ጤናን ወይም እንቅልፍን ይነካል? የጥራቱንስ ልዩነት ሱቁ ውስጥ ቆመው በዐይንዎና በእጅዎ ማረጋገጥ ይችላሉ? ማረጋገጥ ካልቻሉ ጭማሪው የሚሄደው ለማሸጊያው ወይም ለሻጩ አንደበት ሊሆን ስለሚችል፣ ውድ መሆኑን ብቻ አይቶ መግዛት አይገባም።

በዚህ መለኪያ ቀድመው የሚመጡት የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ሶኬት፣ ስፒናና በተለምዶ ዲቫይደር የሚባለው ማከፋፈያ ናቸው። 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት መስመር ላይ 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ብዙዎቹ ርካሽ ማከፋፈያዎች ግን በጀርባቸው የተጻፈባቸው 10 አምፔር ነው፣ አንዳንዶቹም ምንም አልተጻፈባቸውም። ገመድ ሲቀጥን ወይም መገናኛው ሲላላ ይሞቃል፤ በአንድ ገመድ ላይ የሚያልፈው አምፔር እጥፍ ሲሆን ደግሞ ሙቀቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። የፕላስቲክ ሽታ የሚመጣው፣ የሶኬቱ አፍ የሚጠቁረው፣ ሲብስም እሳት የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ምጣድን በማከፋፈያ መጠቀም ጨርሶ መቅረት አለበት፤ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል፣ የገመዱን ውፍረትም እንደ ርቀቱ ባለሙያ ይወስነዋል።

ገመድ ሲገዙ በልባሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ብቻ አይመኑ። በገበያው ላይ ከውጭ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ ግን አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ ይገኛል፤ አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ የመዳብን 60 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ በተመሳሳይ ውፍረት ይበልጥ ይሞቃል። የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቅ ሲያደርጉት ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ አይደለም። ሻጩ እንዲህ እንዲፈትኑ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ መሄድ ይሻላል።

ሁለተኛው ፍራሽ ነው። የስፖንጅ ፍራሽ ጥራት በዋናነት የሚለካው በውፍረቱ ሳይሆን በእፍጋቱ፣ ማለትም አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ በሚመዝነው ኪሎ ነው። ይህንንም ገዢው ራሱ በሚዛን ሊያረጋግጥ ይችላል። ርዝመቱ 190፣ ወርዱ 120፣ ውፍረቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፍራሽ ይዘቱ 0.456 ሜትር ኩብ ነው፤ እፍጋቱ 18 ከሆነ 8 ኪሎ ከጥቂት ግራም፣ 30 ከሆነ ደግሞ 14 ኪሎ የሚጠጋ መመዘን አለበት። ባለ 30 ተብሎ የቀረበልዎት ፍራሽ 9 ኪሎ ቢመዝን ክርክሩ እዚያው ያበቃል። ልባሱ ዚፕ ካለው ከፍተው ይመልከቱ፤ ከቁርጥራጭ ተለጣጥፎ የተሠራው ከውጭ አይታወቅም። ይሁን እንጂ ሁሉም አልጋ አንድ ዓይነት ፍራሽ አይፈልግም። ክብደቱ አነስተኛ ለሆነ ልጅ መካከለኛው ስለሚበቃ ገንዘቡን ወገባቸውን ለሚያማቸው አዋቂዎች ማዋል ይሻላል። በአንድ ጊዜ መክፈል የከበደው ሰው ዕቁብ የሚደርሰው ቀን የሚገዛው ይህን ቢሆን ገንዘቡ አልባከነም።

በምግብ በኩል ጭማሪ የሚገባው በርበሬና ቅቤ ነው። የተፈጨ በርበሬ በምን እንደተቀላቀለ በዐይን መለየት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ዛላውን መርጦ ገዝቶ፣ ቀንጥሶና አስፈጭቶ መጠቀም ገንዘብም ጉልበትም ቢጠይቅ ያዋጣል። ክብደቱ እንዲጨምር ውኃ የተረጨበት ዛላ አለና ሲያወዛውዙት ፍሬው የሚንኮሻኮሸውን ይምረጡ፤ ከጆንያው መካከል፣ ከላይ ሳይሆን፣ ጥቂት አውጥተው ይስበሩና ውስጡ ሻጋታ እንደሌለበት ይዩ። ከሻጋታ የሚመጣው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ተራ የወጥ እሳት አያጠፋውም። እርጥብ በርበሬ በርካሽ ገዝቶ ቤት ማድረቅ ጥሩ ዘዴ የማይሆነውም ለዚሁ ነው፤ ሻጋታው ቀድሞ ከገባ ፀሐይ አያወጣውም። ቅቤን በተመለከተ ብዙ ከመግዛትዎ በፊት ጥቂት ወስደው ቤትዎ ያቅልጡት፤ ባዕድ ነገር የተጨመረበት ሲቀልጥ ብዙ አተላ ወይም የማይሟሟ ዝቃጭ ሊተው ይችላል። ደህና መሆኑ ከተረጋገጠ ከዚያው ሰው መግዛትን መቀጠል፣ ዋጋው ከጎረቤቱ ከፍ ቢልም፣ ተገቢ ነው።

ጫማ የሚለካው በወር ሂሳብ ነው። ለምሳሌ 1,500 ብር ወጥቶበት ስድስት ወር የሚያገለግል ጫማ በወር 250 ብር ያስወጣል፤ 4,000 ብር ተገዝቶ ሁለት ዓመት የሚቆየው ግን 167 ብር ያህል ነው። ይህ ሂሳብ የሚሠራው ሶሉ የተሰፋና ሲያልቅ ሊቀየር የሚችል ከሆነ ብቻ ነው፤ በማጣበቂያ ብቻ የተያያዘውን ውድ ጫማ አይጨምርም።

በስኳር፣ አዮዲን እንዳለው በተጻፈበት ጨው፣ በክብሪትና በውኃ ብርጭቆ ላይ ግን ርካሹን ይግዙ።

ከላይ ለተጠቀሱት ገመድና ፍራሽ ሲከፍሉ ደረሰኙ ላይ «ገመድ» ወይም «ፍራሽ» ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ ይጠይቁ። የሽቦው ዓይነትና ውፍረት፣ የስፖንጁ እፍጋትና ልኩ በግልጽ ከተጻፉ ለመመለስ ወይም ለማስለወጥ ማስረጃ ይኖርዎታል። ሲናገር መዳብ ነው እያለ ሲጽፍ ግን «ሽቦ» ብቻ የሚል ሻጭ ቢያጋጥምዎት፣ ጭማሪውን ሳይከፍሉ ይውጡ።