ለኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ርካሽ ኮምፕረሰር ስትመርጡ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ቤታቸው ቁጭ ብለው ሙዚቃ የሚሠሩ ልጆች ሚክሱ አልገጥም ሲላቸው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «የትኛውን ኮምፕረሰር ልግዛ?» ፕሮጀክቱን ላክልኝ እላለሁ። ስከፍተው ቤዙ ላይ ሦስት ኮምፕረሰር ተደርድሯል። አንዱ ምንም አይሠራም፣ ሌላው ኪኩን (ዋናውን ወፍራም የከበሮ ምት) ገድሎታል፣ ሦስተኛው ለምን እንደተቀመጠ ባለቤቱም አያውቅም። አራተኛ ቢገዛ ምን ሊለወጥ ነው? ዛሬ በነጻ ወይም በትንሽ ገንዘብ የሚገኘው ፕለጊን (ሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ የሚጫን መሣሪያ) ለማንኛውም ሃውስ፣ ቴክኖ ወይም አማፒያኖ ይበቃል። የሚያስቸግረው አመራረጡ ነው። ኮምፕረሰር ጮክ ያለውን ድምፅ ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ ነው፤ ከዚህ በላይ አላብራራም። አታክን (መጨመቅ የሚጀምርበትን ፍጥነት) እና ሪሊዝን (የሚለቅበትን ፍጥነት) ታውቃላችሁ ብዬ ልጀምር።

ጮክ ስላለ ብቻ «አሪፍ ነው» ማለት

ይሄኛው ያንገበግበኛል። ሰውዬው አዲስ ፕለጊን ያወርዳል፣ ሲንዙ ላይ ይጭነዋል፣ ድምፁ ወፈር ብሎ ከስፒከሩ ይወጣል። «ስማው! ስማው!» ይላል። ያጠፋዋል፣ ድምፁ ሙት ይሆናል። መልሶ ያበራዋል፣ ነፍስ ይዘራል። በቃ ተወሰነ፣ ይሄ ይገዛል።

የሆነው ሌላ ነው። ፕለጊኑ ድምፁን ሦስት ዲቢ (ዴሲቤል) ከፍ አድርጎታል፣ ሌላ ምንም የለም። የሰው ጆሮ ከሁለት ድምፅ ጮክ ያለውን ይመርጣል፤ የሠላሳ ዓመት ልምድ ያለውም መሐንዲስ ቢሆን ያው ነው። ብዙ ኮምፕረሰሮች ደግሞ የቀነሱትን በራሳቸው የሚመልሱበት ማብሪያ አላቸው፤ አንዳንዶቹ ላይ ፕለጊኑን ስትከፍቱ በርቶ ነው የሚጠብቃችሁ። ብዙ ጊዜ ከቀነሱት በላይ ይመልሳሉ። ስለዚህ የምታወዳድሩት ኮምፕረሰርን ከኮምፕረሰር ሳይሆን ጮክ ያለን ዝግ ካለ ነው።

ፈተናው እንዲህ ይሁን። በራሱ የሚመልሰውን ማብሪያ አጥፉ። ትሬሽሆልዱን (መጨመቅ የሚጀምርበትን የድምፅ መጠን) የመለኪያው መርፌ አራት ዲቢ አካባቢ እስኪቀንስ ድረስ አውርዱ። ከዚያ የመውጫውን መጠን ፕለጊኑ ሲበራም ሲጠፋም እኩል እስኪሰማ አስተካክሉ። ጆሯችሁን ካላመናችሁ ዩሊን የሚባለው የድምፅ መጠን መለኪያ በነጻ ይገኛል፤ መጨረሻ ላይ አስቀምጡትና ቁጥሩን አስተያዩ። አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ። ማጥፊያውን ደጋግማችሁ ተጫኑ፣ መብራቱንና መጥፋቱን እስክትረሱ ድረስ። ከዚያ ቀስ እያላችሁ አዳምጡ። የኪኩ ጥርስ ተለወጠ? ቤዙ ረጋ? ወይስ ልዩነቱ ጠፋባችሁ? ከጠፋባችሁ ያ ፕለጊን ለዚያ ድምፅ አንድ ብርም አይገባውም።

አንድ ጊዜ ሁለት ጓደኛሞች በዚህ ጉዳይ ሲሟገቱ ነበርኩ። አንዱ ውድ ኮምፕረሰር ገዝቷል፣ ሌላው በነጻው ይሠራል። መጠኑን እኩል አድርገን ስም ሳንነግራቸው አሰማናቸው። ገዢው «የእኔ ይሄ ነው፣ ሙቀቱ ይሰማል» ብሎ በሙሉ ልብ የጠቆመው ነጻውን ነበር። የዚያን ቀን ምሳ እሱ ከፈለ።

እጅ ላይ ያለውን ሳይፈትሹ መግዛት

የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራሞቻችሁ ራሳቸው ኮምፕረሰር አላቸው። ኤብልተን ላይቭ ውስጥ ያለው ግሉ ኮምፕረሰር ሳይቶሚክ ከሚባለው ኩባንያ ጋር የተሠራ ነው፤ የተቀዳውም ከ1980ዎቹ የኤስኤስኤል ኮንሶል (የስቱዲዮ ሚክሰር) ታዋቂ የባስ ኮምፕረሰር ነው፤ ባስ ስል ብዙ ትራኮች የሚቀላቀሉበትን መስመር ነው፣ ቤዝን አይደለም። ሎጂክ ውስጥ ያለው አንድ ኮምፕረሰር በሆዱ ሰባት የተለያዩ ሞዴሎች ይዟል። ኤፍኤል ስቱዲዮ የምትጠቀሙ ፍሩቲ ሊሚተርን ክፈቱና ኮምፕ የሚለውን ገጽ ተጫኑ፤ ሳይድቼይኑም (ኪኩ ሲመታ ቤዙን ዝቅ የሚያደርገው) እዚያው አለ። «ኤፍኤል ሳይድቼይን የለውም» ብሎ ፕለጊን ፍለጋ ኢንተርኔት ሲያስስ ያደረ ልጅ አውቃለሁ። ሚክሰሩ ላይ ኪኩን መርጦ የቤዙን ቀስት በቀኝ ማውዝ ነክቶ «ሳይድቼይን ወደዚህ ትራክ» የሚለውን መምረጥ ብቻ ነበር የቀረው። ከዚያ ሊሚተሩ ውስጥ ያንን መግቢያ መምረጥ።

ሪፐር ውስጥ ያለው ሪያኮምፕ ደግሞ መልኩ የመብራት ኃይል ቅጽ ይመስላል። ሥራው ግን የሚገርም ነው። አታኩን፣ ሪሊዙን፣ የሚሰማበትን ፍሪኩዌንሲ፣ ቀድሞ የሚያይበትን ጊዜ፣ ሁሉንም ያስነካል። ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ ሪያፕለግስ በሚባለው ጥቅል ውስጥ በነጻ ስለሚሰጥ በሌላ ፕሮግራምም ይሠራል።

በመልክ መምረጥ

የዛገ ብረት፣ ቢጫ መብራት፣ የሚወዛወዝ መርፌ። ያምራል። ግን እነዚህ ፕለጊኖች የተቀዱት ለሌላ ሥራ ከተሠሩ ማሽኖች ነው፤ የማሽኑን ጠባይ ሳያውቁ ኪክ ላይ መጫን ጉድ ያመጣል።

ኤልኤ 2ኤን ውሰዱ። በብርሃን የሚሠራ ኮምፕረሰር ነው። ከቀነሰው ግማሹን በ60 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይመልስና የቀረውን እየተንቀራፈፈ ነው የሚለቀው፤ ሰከንዶች ይፈጃል። በ128 ቢፒኤም (በደቂቃ 128 ምት) ሃውስ ውስጥ በአንድ ኪክና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ 469 ሚሊሰከንድ ነው። እና መች ሊመለስ? ሳይመለስ ሌላው ይመታዋል። ኪኩ አልተጨመቀም፣ እንዲሁ ዝግ አለ። ለድምፃዊ፣ ረጅም ለሚጎተት ፓድ፣ ወይም ለስለስ ላለ ቤዝ ግን ሁለት ቁልፍ ብቻ ስላለው ተሳስታችሁ እንኳ ብዙ አታበላሹም።

1176 ተቃራኒው ነው። በጣም ዘገምተኛ የሚባለው አታኩ 800 ማይክሮሰከንድ ነው፤ አንድ ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። የኪኩ መምቻ አልፎ ጭራው ብቻ እንዲያዝ 20 ወይም 30 ሚሊሰከንድ የምትፈልጉ ከሆነ ይህ ማሽን ሊሰጣችሁ አይችልም። የአታክና የሪሊዝ ቁልፎቹ ደግሞ ግልብጥ ናቸው፤ 7 ማለት ፈጣኑ ነው። ወደ ቀኝ በሙሉ አዙሮ «ኪኩ ለምን ሞተ?» የሚል አዲስ ተጠቃሚ ባየሁ ቁጥር ፈገግ እላለሁ፤ ማን ነግሮት ያውቃል?

ኪክና ከበሮ ላይ ንጹሕና ፈቃደኛ የሆነ ኮምፕረሰር ያዙ። የቶኪዮ ዶውን ላብስ ኮተልኒኮቭ ነጻው ራሱ ማስተር (የዘፈኑ የመጨረሻ መውጫ) ላይ የሚቀመጥ ነው። የክላንግሄልም ዲሲ1ኤ ሁለት ዋና ቁልፍ ብቻ አለው፣ ነጻ ነው፣ ከበሮ ባስ ላይ ደስ ይላል። የአሮጌዎቹን ጣዕም ከፈለጋችሁ አናሎግ ኦብሴሽን የሚባለው ሰሪ ላላንና ፌቲሽን በነጻ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ኤልኤ 2ኤን፣ ሁለተኛው 1176ን የሚከተሉ ናቸው። የምትችሉ በፓትሪዮን ትንሽ ጣል አድርጉለት።

የውጭ ሳይድቼይን መኖሩን አለማየት

ለሮክ የሚሠራ ሰው ይሄን ሊዘለው ይችላል። እናንተ አትችሉም። ቤዙ ከኪኩ ሥር ዝቅ የሚልበት፣ ሙዚቃው የሚተነፍስበት መንገድ ይሄ ነው። አሮጌ ማሽን የሚቀዱ ፕለጊኖች ግን ብዙዎቹ የውጭ መግቢያ የላቸውም። ከመክፈላችሁ በፊት መመሪያውን ክፈቱና ፈልጉ፤ ደቂቃ አይፈጅም።

ርካሽ መሆኑ ራሱ አያስፈራችሁ። የፈረንሳይ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኞቹ ዳፍት ፓንክ በዚያ በሚታወቁበት የሚያለከልክ ድምፅ ያስተዋወቁት አሌሲስ 3630 የሚባለው ኮምፕረሰር በዘመኑ ትላልቆቹ ስቱዲዮዎች የሚንቁት ርካሽ ዕቃ ነበር።

የምትፈልጉት መተንፈሱን ብቻ ከሆነ ደግሞ ኮምፕረሰር ጭራሽ አያስፈልግም ይሆናል። ኤልኤፍኦ ቱልና ኪክስታርት የሚባሉት ድምፁን በተሳለ ቅርጽ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ፕለጊኖች፣ ወይም በእጅ የተሳለ የቮልዩም አውቶሜሽን ያው ነው፤ እንዲያውም የበለጠ ይታዘዛል።

እዚህ ላይ የእኛን ሙዚቃ ከኤሌክትሮኒክ ጋር ለምትቀላቅሉ አንድ ነገር። የእነዚህ ፕለጊኖች ዝግጁ ቅርጾች በአብዛኛው ለአራት ለአራት ምት የተሳሉ ናቸው። ችክችካ ግን ምቱ ለሦስት ነው የሚከፈለው። በ120 ፍጥነት አንድ ምት 500 ሚሊሰከንድ ነው፤ ሲሦው 167፣ ሁለት ሲሦው 333። ቤዙ በ250 ሚሊሰከንድ እንዲመለስ ካደረጋችሁት በሁለቱ መካከል ይወድቃል፣ ዘፈኑም ያነክሳል። ለምን እንደሚያነክስ ሳይገባችሁ ከበሮውን ስትቀያይሩ ታድራላችሁ። ሪሊዙን 167 ወይም 333 አካባቢ አድርጉትና ትከሻ ራሱ ይነግራችኋል። ጊዜውን ከዘፈኑ ፍጥነት ጋር የሚያስተካክል ፕለጊን ከሆነ ትሪፕሌት (ለሦስት መክፈል) የሚል ምርጫ ያለውን ያዙ።

ሌላም አለ። ማስተር ወይም ባስ ላይ የምታስቀምጡት ኮምፕረሰር ራሱ ታችኛውን ድምፅ እንዳይሰማ (እናንተ ግን ትሰሙታላችሁ) የሚያደርግ የውስጥ ፊልተር ይኑረው። ከሌለው እያንዳንዱ ኪክ ሙሉውን ሙዚቃ ይጎትተዋል፤ ክራሩም፣ ሃይሃቱም፣ ድምፃዊውም አብሮ ይሰምጣል። ከ100 እስከ 150 ኸርዝ ላይ ቁረጡት። ይሄ አንድ ቁልፍ ከሚያምረው መልክ ሁሉ ይበልጣል።

ኦቲቲን ሁሉም ቦታ መርጨት

የኤክስፈር ኦቲቲ የሚባለው ኮምፕረሰር ነጻ ነው፣ አሪፍ ነው፣ መነሻውም ኤብልተን ውስጥ ያለ የመልቲባንድ (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ የሚጨምቅ) ቅንብር ነው። ግን ጮክ ያለውን ዝቅ፣ ዝቅ ያለውን ከፍ ስለሚያደርግ እንደ ሚጥሚጣ ነው፤ ጥልቀቱን ከ20 እስከ 30 በመቶ አድርጉት። ቤት ውስጥ የተቀዳ ማሲንቆ ላይ በሙሉ ኃይሉ ከጫናችሁት የላፕቶፑን ማራገቢያና የጎረቤትን ውሻ አብራችሁ ታሰማላችሁ።

ሌሎች፣ በአጭሩ

መርፌው ካልተንቀሳቀሰ ኮምፕረሰሩ እየጨመቀ አይደለም።

ትሬሽሆልድ ቁልፍ የሌላቸው ፕለጊኖች የሚሠሩት በምትልኩላቸው መጠን ነው። አብዛኞቹ ኔጌቲቭ 18 ዲቢ አካባቢ ላለ ድምፅ የተቃኙ ናቸው። ከሲንዝ የሚወጣው ድምፅ ከዚያ በጣም የጮኸ ስለሚሆን መጀመሪያ ዝቅ አድርጋችሁ ላኩት።

የመቀላቀያ ቁልፍ ያለውን ምረጡ። ግማሹን የተጨመቀ፣ ግማሹን ያልተነካ አድርጎ ማሰማት ከበሮ ላይ ብዙ ያድናል።

ላፕቶፓችሁ ያረጀ ከሆነ ኦቨርሳምፕሊንጉን (ድምፁን ለማጥራት ኮምፒውተሩን የሚያደክመውን ምርጫ) ሥራው ሲያልቅ ብቻ አብሩት።

ገንዘቡ ላይ

የተሰረዘ ዋጋ አያታልላችሁ። ዌቭስን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ላይ ቅናሽ የሌለበትን ቀን መፈለግ ይከብዳል። «ዛሬ ብቻ» የሚለው በሚቀጥለው ሳምንትም ይመጣል፤ ኅዳር መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ሁሉም ያወርዳል። ፋብፊልተርን የመሰሉት ለ30 ቀን በነጻ ያስሞክራሉ፤ በዚያ ጊዜ አንድ ዘፈን ጨርሱበትና ከዚያ ወስኑ። በትንሽ ገንዘብ አንድ ነገር ልግዛ ካላችሁ የክላንግሄልም ኤምጁክ ዋጋው ለዓመታት ከ30 ዩሮ በታች ሆኖ ቆይቷል፣ ቤዝና ሙሉ ሚክስ ላይ የሚሰጠው ውፍረትም ከዋጋው በላይ ነው።

የምትገዙት ለዘለቄታው ይሁን ወይስ በወር ኪራይ፣ አጣሩ። ዌቭስ በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ከእንግዲህ በኪራይ ብቻ ነው ብሎ አስታውቆ፣ ተጠቃሚው ሲጮህበት በቀናት ውስጥ መልሷል። ኪራይ ማለት ካርዱ ሳይከፍል ሲቀር የድሮ ፕሮጀክታችሁ ውስጥ ያለው ፕለጊን መሥራት ማቆሙ ነው።

ከቴሌግራም የሚወርደውን ክራክ በተመለከተ፣ ስለ ሕጉ አልሰብክም። ግን ቫይረስ ገብቶበት ሃርድ ዲስኩን ሙሉ ያጣ ልጅ እያለቀሰ ደውሎልኛል። ከጠፉት ፋይሎች ውስጥ ደንበኛ የከፈለበት ሥራም ነበር። ያንን ሁሉ ያመጣበት ፕለጊን ምን ነበር? በነጻ አቻ ያለው ኮምፕረሰር።

የውጭ ክፍያ የሚያስኬድ ካርድ ስለሌላችሁ አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ የሚገዛላችሁ ከሆነ አካውንቱን ቀድማችሁ ራሳችሁ ክፈቱ። አሜሪካ ያለችው አክስትዬ ደግነቷ በዝቶ በራሷ ኢሜይል ትመዘግበዋለች። ከዚያ ኮምፒውተር በቀየራችሁ ቁጥር ማረጋገጫ ኮድ እሷ ስልክ ላይ ይገባል፤ እዚህ ጠዋት ሲሆን እሷ ጋ እኩለ ሌሊት ነው። ኢሜይሉም የይለፍ ቃሉም የእናንተ፣ ካርዱ ብቻ የእሷ ይሁን። አይሎክ (የፕለጊን ፈቃድ መቆጣጠሪያ) የሚጠይቅ ፕለጊን ከሆነም የአይሎክ አካውንቱን እንደዚሁ በስማችሁ አውጡ፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራ እንደሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁ።