ከቅጥቅጥ ሆድ ሥር፦ የላላ ቡሎን ከመጥበቁ በፊት

ብዙ ሰው መኪናውን ጋራዥ ከማስገባቱ በፊት ያሳጥባል። ሥሩን ለማስመርመር ከሆነ ግን ባያሳጥብ ይሻላል፤ የላላ ቡሎንን የሚያጋልጠው ቆሻሻው ነው። ከአርሲ ወይም ከምንጃር ጠጠር መንገድ ወደ አዳማ የተመለሰ ቅጥቅጥ (መካከለኛ አውቶቡስ) ሻንሲው፣ ማለትም ቦዲውን የተሸከመው የብረት አጥንቱ፣ ወጥ በሆነ አቧራ ይለበጣል። በዚያ አቧራ ላይ ከዳዶው (ቡሎኑ ላይ ከሚጠመዘዘው ነት) ሥር ወደ ታች የወረደ ቀላ ያለ ቡናማ መስመር ከታየ፣ እዚያ ቦታ ሁለት ብረቶች እየተፋጩ ነው። ዝናብ ያመጣው ዝገት ሳይሆን ከፍጭቱ የወጣ የብረት ዱቄት ነው። ሮንዴላው (ከዳዶው ሥር ያለው ቀለበት) ዙሪያ እንደ አዲስ ሳንቲም የሚያበራ ቀለበት ከታየም ነገሩ ያው ነው። እጥበት ሁለቱንም ምልክት ይዞ ይሄዳል።

መኪናዋ ደልዳላ ሜዳ ላይ ትቁም፤ ማርሽ ይግባ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግለት። ለምርመራው ማንሳት አያስፈልግም። የግድ መነሳት ካለባት ሻንሲው በብረት መቆሚያ ይደገፍ። በክሪክ ብቻ ወይም በተደራረበ ድንጋይ በቆመች መኪና ሥር አይገባም።

አቧራው ያልተናገረውን መዶሻ ይናገራል። ትንሽ መዶሻ ተይዞ፣ የአንድ እጅ ጣት ግማሹ ዳዶው ላይ ግማሹ ብረቱ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ዳዶው በሌላው ጎኑ መታ መታ ይደረጋል። የጠበቀው ጥርት ብሎ ይጮኻል። የላላው ድምፁ ድፍን ነው፤ ጣትም በዳዶውና በብረቱ መካከል ያለችውን ትንሽ መንቀጥቀጥ ይሰማታል።

ከሁሉም ቀድሞ የሚታየው የባሌስትራው (የተደራረበው የብረት ስፕሪንግ) ዩ ቦልት፣ ማለትም እንደ U ፊደል የታጠፈው ቡሎን ነው። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ጨምቆ የሚይዘው እሱ ነው፤ የመሃሉ ቡሎን ቦታ ከማስያዝ ያለፈ ሥራ የለውም። ዩ ቦልቱ ሲላላ ግን ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጭነቱ በዚያ ቀጭን ቡሎን ላይ ይወድቅና ይቆርጠዋል። አክስሉ በአንድ ወገን ይንሸራተታል፤ መኪናዋ ቀጥ ባለ መንገድ ጎኗን ሰጥታ ትሄዳለች። ለማረጋገጥ መሪው ቀጥ ተደርጎ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል በግራም በቀኝም በሜትር ይለካል። ልዩነቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር ካለፈ፣ ዩ ቦልቱን ማጥበቅ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ተፈትቶ የመሃሉ ቡሎን መታየት አለበት።

የተፈታ ዩ ቦልት ተመልሶ አይታሰርም። አንድ ጊዜ በሙሉ ኃይል ጠብቆ ስለተለጠጠ ሁለተኛ ያንን ጭምቅታ አይሰጥም። ፌሮ በእሳት አጥፎ ጥርስ የሚያወጣለት ሰው አይጠፋም፤ ርካሽ ነው፣ ግን ይለጠጣል፣ በሳምንቱም ይላላል። አዲሱ ሲታሰር የመኪናዋ ክብደት በጎማዋ ላይ መሆን አለበት። አራቱ ዳዶዎች በሰያፍ፣ አንዱ ሙሉ በሙሉ ሳይጠብቅ፣ በሦስት ዙር ይጠብቃሉ። የመጨረሻው መጠን ከመኪናዋ መጽሐፍ ይወሰዳል እንጂ በግምት አይሆንም። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደች በኋላ እንደገና ይጠበቃል፤ ከአዳማ ተነስታ አዲስ አበባ ስትደርስ ማለት ነው። ከዚያ በ1000 ኪሎ ሜትር አንድ ጊዜ።

ቦዲውን ከሻንሲው የሚያስሩት ዩ ቦልቶች ሲላሉ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የዳዶው አይደለም። በመካከል የገባው እንጨት ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከተደረገ፣ የአዳማ ሙቀትና ነፋስ በጥቂት ወራት ያደርቀዋል፤ እንጨቱ ሲኮማተር ዩ ቦልቱ የሚጨምቀው ነገር ያጣል። እንዲህ ያለውን ዳዶ በየወሩ ማጥበቅ ይቻላል፤ እንጨቱ እስኪሰነጠቅ ድረስ። የሚሻለው በደንብ የደረቀ ጠንካራ እንጨት መቀየር ነው። ዩ ቦልቱ በሚያርፍበት ቦታ በሻንሲው ሲ (C) ቅርጽ ውስጥም ድጋፍ ይግባ፤ አለበለዚያ ሲጠብቅ የሻንሲው ከንፈር (የሲው ላይኛና ታችኛ ጠርዝ) ይታጠፋል። በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) አጠገብ ይህ ድጋፍ ብረት ይሁን፤ እንጨት እሳት ይይዛል።

ሌላ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሻንሲ ጉድጓድ ላይ ይጠማዘዛል፤ የተሠራውም እንዲጠማዘዝ ነው። ከሾፌሩ ኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ማሰሪያዎች ላስቲክ ወይም ስፕሪንግ ካላቸው፣ «ላልቷል» ተብሎ እስከ መጨረሻው አይጨመቁም። ከተጨመቁ ቦዲውና ሻንሲው ሲታገሉ ስንጥቁ ከካቢኑ ኋላ ይጀምራል።

ለተሻጋሪዎች (የሻንሲውን ግራና ቀኝ ለሚያገናኙት ብረቶች)፣ ለአሞርቲዛተር መያዣና ለትርፍ ጎማ ማንጠልጠያ ተራ ቡሎን ይበቃል፤ ግን ራሱ ላይ 8.8 (የጥንካሬ ደረጃው) የተጻፈበት ይሁን። ምንም ያልተጻፈበት ለሻንሲ አይሆንም። ዘይት ላልነካው 8.8 ቡሎን ባለ 12 ሚሊው ወደ 85 ኒውተን ሜትር፣ ባለ 14ቱ ወደ 135፣ ባለ 16ቱ ወደ 210 ይፈልጋል። ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ከሌለ የእጅ ሚዛን ይሠራል፦ ከዳዶው መሃል 50 ሳንቲ ሜትር በሚርቅ እጀታ ጫፍ ላይ ሚዛኑ ታስሮ፣ ከእጀታው ጋር በ90 ዲግሪ ማዕዘን 17 ኪሎ እስኪያነብ ከተሳበ ለ12ቱ፣ 27 ኪሎ ለ14ቱ ነው። ለ16ቱ እጀታው በቱቦ ይረዘምና ከዳዶው መሃል 1 ሜትር ላይ 21 ኪሎ። ጥርሱ ዘይት ወይም ግሪስ ከነካው መጠኑ በሩብ ገደማ ይቀነስ፤ ሲያንሸራትት ያው ጉልበት ቡሎኑን ይበልጥ ይለጥጠዋል፣ እስከ መቁረጥም ይደርሳል። ጠብቆ ሲያልቅ ከዳዶው ውጭ ቢያንስ ሁለት ጥርስ ይታይ።

ቀለበቷ አንድ ቦታ ላይ የተከፈተችው ስፕሪንግ ሮንዴላ የምታምኗትን ያህል አትይዝም። ዩንከር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1969 እንዳሳየው ዳዶ የሚፈታው በዋናነት ሁለቱ ብረቶች ወደ ጎን ሲንሸራተቱ ነው፤ ያንን ደግሞ የሚከለክለው ጭምቅታ ነው። ውስጡ ፕላስቲክ ያለው ዳዶ ይሻላል፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ግን፤ ማርሚታ አጠገብም ፕላስቲኩ ሙቀቱን አይችልም። ሰማያዊ ሎክታይት (የቡሎን ጥርስ ማጣበቂያ) የሚይዘው ጥርሱ በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ ከዘይት ከጸዳ ነው። ቀዩ በእሳት ካልሆነ አይፈታም፤ ለሌላ ቀን መፈታት ያለበት ላይ አይደረግ።

ዳዶን በብየዳ መምታት በየጋራዡ የሚታይ ነው፤ ከሁሉ የከፋውም ይኸው ነው። ሙቀቱ የቡሎኑን ጥንካሬ ይወስዳል፣ በሻንሲው ላይም የስንጥቅ መነሻ ይተዋል። ቀዳዳው ሞላላ ሆኖ ከሆነ ደግሞ ማጥበቅ ዋጋ የለውም፤ የተበላው መያዣ በአዲስ ይቀየር። በሻንሲው ላይኛና ታችኛ ከንፈር ላይ አዲስ ቀዳዳ አይበሳ።

ሁሉም ሲያልቅ ከዳዶው ወደ ብረቱ የሚሻገር አንድ ቀጥ ያለ የቀለም መስመር ይሰመር። የጥፍር ቀለምም ይሆናል። በሚቀጥለው ጊዜ መዶሻም ቁልፍም ሳይያዝ፣ ረዳቱ ባትሪ አብርቶ ያሳየው መስመር ከተቆረጠ የትኛው ዳዶ እንደዞረ ይታወቃል።