ለካምፕም ለመክተፊያም የሚሆን ትልቅ ቢላ ስታሠሩ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካምፕ ሲወጣ ምሳርም፣ ገጀራም፣ የወጥ ቤት ቢላም ተሸክሞ መሄድ ይከብዳል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው አንድ ትልቅ ቢላ የሚመኘው። ጭራሮ የሚቆርጥ፣ ሽንኩርት የሚከትፍ፣ ሥጋ የሚመትር። ይቻላል። ኔፓሎች ኩክሪ በሚሉት ጎባጣ ትልቅ ቢላቸው እንጨትም ይቆርጣሉ፣ ሥጋም ያዘጋጃሉ። ችግሩ አብዛኛው ሰው ንድፉን የሚጀምረው እንጨት እያሰበ ነው። ወጥ ቤቱ ትዝ የሚለው ቢላው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ካምፕ ላይ ቢላ ከእንጨት ይልቅ ምግብ ላይ ይውላል። መጀመሪያ ደህና የመክተፊያ ቢላ ንደፉ፤ ከዚያ እንጨት እንዲችል አድርጉት።

ክብደትን ከውፍረት መፈለግ

ከሁሉም የባሰው ስህተት ይሄ ነው። ወፍራም ብረት ጠንካራ ነው ተብሎ ጀርባው 6 እና 7 ሚሊሜትር የሆነ ቢላ ይሠራል። እንጨት ላይ ደስ ይላል። ካሮት ላይ ግን አይቆርጥም፤ ይሰነጥቃል። ድንች መሃሉ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ሽንኩርቱ ይጨፈለቅና ዓይን ያቃጥላል። ስለቱን ደጋግሞ መሳል ችግሩን አይፈታውም። ምግቡን እየገፋ የሚሰነጥቀው ከስለቱ በላይ ያለው ውፍረት ነውና።

እስቲ ትንሽ ስሌት እንሥራ። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ብረት 7.85 ግራም ገደማ ይመዝናል። 25 ሴንቲሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ቢላዎች አስቡ፤ ሁለቱም ከጀርባቸው እስከ ስለታቸው ቀጥ ብለው እየሳሱ ይወርዳሉ። አንዱ ስፋቱ 5 ሴንቲሜትር፣ ጀርባው 6 ሚሊሜትር ነው። ሌላው ስፋቱ 7.5 ሴንቲሜትር፣ ጀርባው 4 ሚሊሜትር ነው። ከእጀታው ውጪ ያለውን ብረት ብትመዝኑት ሁለቱም 294 ግራም አካባቢ ይመጣሉ። እንጨት ላይ የሚያርፈው ክብደት እኩል ነው። ግን የመጀመሪያው ወደ 7 ዲግሪ የሚከፈት ሽብልቅ ነው፤ ሁለተኛው 3 ዲግሪ ብቻ። ካሮቱ ልዩነቱን ወዲያው ይነግራችኋል።

ስለዚህ ክብደቱን ከስፋት አምጡት። ስፋት ሌላም ጥቅም አለው። የከተፋችሁትን ሽንኩርት በጎኑ ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ድስት ትጨምሩበታላችሁ፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብልም ትጨፈልቁበታላችሁ። ጀርባው እጀታው አጠገብ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ይሁን፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ 2 ድረስ ይሳሳ። ስለቱ ተስሎ ከመውጣቱ በፊት ጠርዙ ላይ ያለው ውፍረት ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ይሄ ለወጥ ቤት ትንሽ ይወፍራል፣ ለእንጨት ደግሞ ትንሽ ይሳሳል። ስለቱን በእያንዳንዱ ጎን ወደ 20 ዲግሪ ሳሉት። የወጥ ቤት ቢላ የሚሳልበት 15 ዲግሪ ደረቅ ግራር ላይ በቀላሉ ይሸረፋል።

የጣት ቦታ መርሳት

የጦር ሜዳ ቢላ የሚመስሉ ንድፎች ላይ እጀታውና ስለቱ አንድ መስመር ላይ ናቸው። እንጨት ሲቆረጥ ይሄ አይታወቅም። መክተፊያ ላይ ግን ስለቱ ጣውላውን ሳይነካ ጣታችሁ ይመታል። ሰው ከዚያ በኋላ መክተፊያው ጠርዝ ላይ እየተንጠለጠለ ይከትፋል፤ ያ ደግሞ አያዛልቅም።

ስለቱ ከእጀታው በታች ቢያንስ 3 ሴንቲሜትር ይውረድ። እጃችሁ ትልቅ ከሆነ ከዚያም ይበልጥ። ስሌት አያስፈልገውም፤ ንድፉን በወፍራም ካርቶን ቁረጡና መክተፊያ ላይ አስቀምጡት። በቡጢ ያዙት። ጣቶቻችሁ ከጣውላው ጋር ከተነካኩ ብረት ከመግዛታችሁ በፊት አስተካክሉት።

በዚያው ካርቶን የስለቱን መስመርም እዩ። በጣም የጎበጠ ስለት ጣውላውን የሚነካው በአንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ጎመኑ ሳይቆረጥ እንደ ክር ተያይዞ ይቀራል። ፍጹም ቀጥ ያለው ደግሞ ሲያወዛውዙት ይነጥራል። ከእጀታው በኩል ያለው ግማሽ ቀጥ ብሎ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ጫፉ ቢነሳ ለሁለቱም ይመቻል። ወደ ታች የሚወጣ የጣት መከለያ ብረት አታስቀጥሉ። ቢላው ሰፊ ከሆነ ተረከዙ፣ ማለትም እጀታው አጠገብ ያለው የስለቱ ጥግ፣ ራሱ ጣትን ይከልላል።

ሰፊ ስለሆነ አጥንት ይሰብራል ብሎ ማሰብ

ሰፊ ቢላ ያየ ሁሉ የሥጋ ቤት መጥረቢያ ይመስለዋል። አይደለም። ቻይናውያን እንኳ ሁለቱን ለይተዋቸዋል። በየቤቱ ያለው ሰፊ ቢላቸው ስስ ነው፣ ለአትክልትና አጥንት ለሌለው ሥጋ። ለአጥንት ሌላ ወፍራምና ከባድ ቢላ አላቸው። ሁለቱን በአንድ ላይ እንሥራ ያለ ሰው ሽንኩርት የማይከትፍ ቢላ ይዞ ይቀራል።

በዚህ ነገር የእኛ አገር ባለሙያ ሴቶች ጥሩ አስተማሪ ናቸው። የዶሮው 12 ብልት የሚወጣው መገጣጠሚያው እየተፈለገ ነው፤ አጥንት እየተከሰከሰ አይደለም። በግና ፍየልም በዚሁ መንገድ ይበለታል። ስለዚህ ቢላው የሚያስፈልገው ጉልበት ሳይሆን መገጣጠሚያ ውስጥ የሚገባ ጫፍ ነው። ጫፉን አራት ማዕዘን አታድርጉት። ጀርባው በመጨረሻዎቹ 5 ወይም 6 ሴንቲሜትሮች ወደ ታች ዝቅ ብሎ ሹል ይሁን። ቅልጥም መስበር የግድ ከሆነ ድንጋይም ምሳርም አለ።

ብረቱን በስሙ ብቻ መምረጥ

እዚህ አገር ቀጥቃጮች ጋ ብትሄዱ መጀመሪያ የሚነሳው የመኪና ባሌስትራ ነው። ጥሩ ብረት ነው። የኔፓል ቀጥቃጮችም ኩክሪ የሚሠሩት ከከባድ መኪና ባሌስትራ ነው። ይታጠፋል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም፤ ለሚመታ ቢላ ደግሞ ዋናው እሱ ነው። ግን ዓመታት ያገለገለ ባሌስትራ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። የብሎን ቀዳዳው አካባቢ ያለውን ክፍል ተዉት። ያልተገጠመ ቁራጭ ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ።

ከብረቱ ስም በላይ የሚወስነው እሳቱ ነው። ብዙ ሰው «በጣም ይጠንክርልኝ» ይላል። በጣም የጠነከረ ብረት እንደ ሸክላ ይሸረፋል። ግሎ ከተነከረ በኋላ ከ200 እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ተመልሶ ቀስ ብሎ መሞቅ አለበት። እንዲህ ዓይነቱ ብረት ያኔ በብረት ጥንካሬ መለኪያው በሮክዌል ከ56 እስከ 58 አካባቢ ያርፋል። ስለት ይይዛል፣ ለመሳልም እሺ ይላል። የኔፓል ባለሙያዎች ዘዴ ደስ ይለኛል። የጋለውን ኩክሪ ውሃ ውስጥ አይዘፍቁትም፤ በማንቆርቆሪያ ስለቱ ላይ ብቻ ያፈሱበታል። ስለቱ ይጠነክራል፣ ጀርባው ግን ለስላሳ ሆኖ ምቱን ይችላል።

ያንን ሁሉ ልፋት ግራይንደር በሰከንዶች ሊያበላሸው ይችላል። ስለቱ ሲሞረድ ሰማያዊ ከሆነ ሙቀቱ 300 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል፣ ያ ቦታም ለስልሷል። በየመሃሉ ውሃ ውስጥ እየነከሩ በባዶ እጅ መያዝ ነው። እጅ ካቃጠለ ለስለቱም በዝቷል።

ሹል ማዕዘኖች

ትልቅ ቢላ ሲሰበር አብዛኛውን ጊዜ እጀታው መግቢያ ላይ ነው። ብረቱ በድንገት የሚጠብበት ቦታ 90 ዲግሪ ማዕዘን ካለው ምቱ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። ማዕዘኑን በክብ ሞረድ አክብቡት። ብረቱ በእጀታው ሙሉ ርዝመት ቢዘልቅ ደግሞ ይመረጣል።

ለፎቶ የሚያምር እጀታ

በሥጋ ስብ የረጠበ እጅ የተወለወለ እጀታ አይዝም። መጨረሻው ወደ ታች ወፈር ይበል፤ ስትመቱ እንዳያመልጣችሁ። ቅርጹ እንቁላል መሰል ይሁን፣ ሳታዩ ስለቱ ወዴት እንደዞረ እጃችሁ እንዲያውቀው። የጣት ጎድጓዳዎች አይጠቅሙም፤ እንጨት ሲቆረጥና ሽንኩርት ሲከተፍ አያያዙ ይለያያል።

ወይራ ጠንካራ ነው፣ ግን በደንብ የደረቀ ይሁን። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ከብረቱ ጋር ክፍተት ይፈጥራል። ያ ክፍተት የሥጋ ውሃ ይይዛል፣ ይሸታል፣ ያዝጋል። በኢፖክሲ ሙጫ ድፈኑት። ክር ማሰሪያ ቀዳዳም ለመታጠብ ስለሚያስቸግር ብታስቀሩት እመርጣለሁ።

መጋዝ፣ ጥቁር ቀለም፣ ጌጥ

ጀርባው ላይ የሚወጣ የመጋዝ ጥርስ እንጨት በደንብ አይቆርጥም፤ መዳፋችሁን ጀርባው ላይ አድርጋችሁ እንዳትጫኑ ብቻ ያደርጋል። ጥቁሩ ቀለም ደግሞ በጊዜ እየተላጠ ምግብ ውስጥ ይገባል። ሁለቱንም ተዉአቸው።

ሰገባውን መርሳት

ምግብ የነካ ቢላ ሰገባ ውስጥ ከገባ ሰገባውም ምግብ ነክቷል። ቆዳ ያምራል፣ ግን እርጥበትና ስብ ይይዛል፤ አይታጠብም። ለዚህ ቢላ የሚታጠብ የፕላስቲክ ሰገባ ከታች ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ያለው ይሻላል። ባሌስትራ ይዝጋል፤ ሎሚ ወይም ቲማቲም ቆርጦ ሳይታጠብ ካደረ ጠዋት ያስታውቃል። እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ሰገባው ውስጥ ይግባ።

አንድ ነገር አደራ። ቁልቋል የቆረጠ ቢላ በሳሙና ሳይታጠብ ምግብ አይንካ። ወተት የሚመስለው ፈሳሹ ቆዳም ዓይንም ይጎዳል፤ አፍ ውስጥ መግባት የለበትም።

ሳይፈትኑ መውጣት

በ1976 የተመሠረተው የአሜሪካ ቢላ ቀጥቃጮች ማኅበር ለአባላቱ የሚሰጠው ፈተና ጥሩ መነሻ ነው። ቢላው የተንጠለጠለ ወፍራም ገመድ በአንድ ምት ይቆርጣል፣ ሞራሌ የሚያክል እንጨት ሁለት ጊዜ ይቆርጣል፣ ከዚያ ሳይሳል ፀጉር ይላጫል። በመጨረሻ ሞርሳ ላይ ታስሮ 90 ዲግሪ ይታጠፋል። መታጠፉን ለእነሱ እንተወው፤ ቢላው ያስፈልገናል።

የቀረውን ግን በራሳችን መንገድ እንውሰደው። መጀመሪያ አንድ ራስ ሽንኩርት ከትፉ። ቀጥሎ የክንድ ውፍረት ያለው ደረቅ እንጨት ቁረጡ። እንደገና ሳትስሉ ሽንኩርት ከትፉ። አሁን ስለቱን ብርሃን ላይ እዩት። ከተሸራረፈ ብረቱ ከመጠን በላይ ጠንክሯል፤ ከፍ ባለ ሙቀት እንዲያለሰልሰው ወደ ቀጥቃጩ መልሱት። ከተቆለመመ ወይ ስለቱ በጣም ስስ ነው፣ ወይ ብረቱ ለስልሷል። በ2 ወይም በ3 ዲግሪ ከፍ አድርጋችሁ ሳሉትና ድገሙት። አሁንም ከተቆለመመ ችግሩ እሳቱ ላይ ነው፤ እንደገና መነከር አለበት።