ወረዳው ይገባል፣ ቀበሌው ይከለከላል፦ በሰርቨር ላይ የደረጃ ፈቃድ ሲዛባ

ለምሳሌ የምንይዘው ሊኑክስ የተጫነበት አንድ የፋይል ሰርቨር ነው። ዋናው ፎልደር «መረጃ» ይባላል። በሥሩ «ምሥራቅ ጎጃም» አለ፣ ከዚያ ደብረ ኤልያስ፣ ማቻከል፣ አነደድ፣ አዋበል እያለ ወረዳው ይቀጥላል፤ በየወረዳው ሥር ደግሞ ቀበሌዎቹ አሉ። ደንቡ አጭር ነው፦ የዞኑ ግሩፕ ሁሉንም ያነባል እንጂ አይጽፍም፤ የወረዳው ግሩፕ በወረዳው ሥር ባለው ሁሉ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ይሰርዛል፤ የቀበሌ ሠራተኛ በራሱ ቀበሌ ብቻ እንዲሁ ያደርጋል።

ችግሩ ሰርቨሩ «ከዞን ወደ ቀበሌ የሚወርድ ደንብ» የሚባል ነገር አለማወቁ ነው። እያንዳንዱ ፋይልና ፎልደር የየራሱን የፈቃድ ዝርዝር ይዞ ነው የሚኖረው። ውርስ የምንለው ፋይሉ በተፈጠረበት ቅጽበት ከወላጅ ፎልደሩ አንድ ጊዜ የሚደረግ ቅጂ ነው፤ ከዚያ በኋላ ላይኛው ቢቀየር ታችኛው አይሰማም። ከታች ከተዘረዘሩት ብልሽቶች ብዙዎቹ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

መጀመሪያ መፈተሻው

አራት የሙከራ አካውንት ክፈቱ፦ አንድ የዞን፣ አንድ የደብረ ኤልያስ ወረዳ፣ አንድ የደብረ ኤልያስ ቀበሌ 01፣ አንድ ደግሞ እዚህ ቦታ ምንም ጉዳይ የሌለው የማቻከል ወረዳ። ሦስት ፎልደር ያዙ (የዞኑን፣ የደብረ ኤልያስን፣ የቀበሌ 01ን)፣ አራት ድርጊትም፦ ማንበብ፣ ያለውን ማረም፣ አዲስ መፍጠር፣ መሰረዝ። 48 ጥያቄ ይሆናል። ከላይ ባለው ደንብ መሠረት የ15ቱ መልስ «ይችላል»፣ የ33ቱ «አይችልም» ነው። መልሱን ሰንጠረዥ ላይ የምትጽፉት ከሙከራው በፊት ይሁን፤ ውጤቱ ከታየ በኋላ የሚጻፍ ሰንጠረዥ ሰርቨሩ ያደረገውን ሁሉ ትክክል ያስመስለዋል።

ብዙ ጊዜ 15ቱ ብቻ ተሞክረው «ሠርቷል» ይባላል። የተከለከለ ሠራተኛ ስልክ ይደውላል፤ ማየት የማይገባውን ያየ ግን አይደውልም። ስለዚህ 33ቱን የሚፈትሽ ሌላ ሰው የለም።

«በእኔ በኩል ይከፈታል፣ በሠራተኛው በኩል አይከፈትም»

የሞከራችሁት በሩት (በሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ አካውንት) ነው። ሩት የፋይል ፈቃድን አልፎ ስለሚሄድ ውጤቱ ስለ ደንቡ ምንም አይናገርም። ትእዛዙን ሁሉ በሙከራ አካውንቱ ስም አስኪዱ፦ «ሱዱ ማይነስ ዩ»፣ የአካውንቱ ስም፣ ከዚያ ድርጊቱ። ፈቃዱን በዓይን አንብቦ መገመት አይበቃም፤ ፋይሉን ክፈቱት፣ ጻፉበት፣ ሰርዙት።

«የራሴ ፎልደር ላይ ሙሉ ፈቃድ አለኝ፣ ግን ይከለክለኛል»

ቀበሌ 01 ላይ ለመድረስ ከላይ ያሉት ፎልደሮች በሙሉ የማለፊያ ፈቃድ (ኤክስ) መስጠት አለባቸው። አንዱ ከነፈገ የመጨረሻው በር ወለል ብሎ ቢከፈትም ዋጋ የለውም። «ኔምአይ ማይነስ ኤል» ብላችሁ ሙሉ መንገዱን ስጡት፤ ደረጃ በደረጃ ይዘረዝርላችኋል። ግን ይህ ትእዛዝ ተጨማሪ የፈቃድ ዝርዝሩን (ኤሲኤል፦ ከባለቤቱ፣ ከግሩፑና ከ«ሌሎች» ሌላ በስም ለተጠቀሱ ሰዎችና ግሩፖች ፈቃድ የሚሰጠውን) አያሳይም። «ኤልኤስ ማይነስ ኤል» ሲደረግ በፈቃዱ መጨረሻ ላይ የመደመር ምልክት ያለበት ፎልደር ካለ «ጌትፋክል» (ይህን ዝርዝር የሚያሳይ ትእዛዝ) ይደረግበት።

መፍትሄው በዞኑና በወረዳው ፎልደር ላይ ለቀበሌው ግሩፕ ኤክስን ብቻ መስጠት ነው። ማንበብን አትጨምሩ። ማንበብ ከተጨመረ የቀበሌው ሠራተኛ የሌሎቹን ቀበሌዎች ፋይል ባይከፍትም ስማቸውን ይዘረዝራል፤ ከ33ቱ «አይችልም» አንዱ እዚህ ላይ ይወድቃል።

«መጻፍ ተሰጥቶኛል፣ ግን ማንበብ ብቻ ነው የምችለው»

ብዙ ጊዜ የሚበላው ይህ ነው። «ጌትፋክል» ሲደረግ የወረዳው ግሩፕ ማንበብና መጻፍ እንዳለው ይታያል፤ ጎኑ ላይ ግን «ኢፌክቲቭ» የሚል ማስታወሻ ሰፍሮ መጻፍ ተቀንሷል። ቀናሹ ማስክ ነው። ማስክ በስም ለተጠቀሱ ሰዎችና ለግሩፖች ሁሉ ጣሪያ ነው፤ የፋይሉን ባለቤትና «ሌሎች» የሚባሉትን አይነካም።

ማስክ በሁለት መንገድ ይጠባል። አንደኛው «ሲኤችሞድ» (መሠረታዊውን ፈቃድ በቁጥር የሚቀይር ትእዛዝ) ነው። ተጨማሪ የፈቃድ ዝርዝር ባለው ፋይል ላይ የግሩፑን ቁጥር መቀየር ማለት ማስኩን መቀየር ነው። አንድ ሰው «ላስተካክል» ብሎ ዛፉን (ዋናውን ፎልደር ከነሥሩ) በሙሉ 755 (ባለቤቱ ሁሉን፣ ሌላው ማንበብና ማለፍ ብቻ) ካደረገው ወረዳዎቹ ሁሉ በአንዴ መጻፍ ያጣሉ፤ በዝርዝሩ ላይ ግን ስማቸው ከነሙሉ ፈቃዱ እንዳለ ይቀመጣል። ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው። ሁለተኛው ኮፒ ነው። በፎልደሩ ላይ የተቀመጠው ዲፎልት (በውስጡ አዲስ ለሚፈጠሩት የሚተላለፈው ፈቃድ) ሙሉ ቢሆንም፣ በ«ሲፒ» የሚመጣው ፋይል ምንጩ 644 (ባለቤቱ ያነባል፣ ይጽፋል፤ ሌላው ማንበብ ብቻ) ከሆነ አዲሱ ፋይል ማንበብ ብቻ የሆነ ማስክ ይዞ ይወለዳል። ስለዚህ በሙከራችሁ ውስጥ ባዶ ፋይል መፍጠር ብቻ ሳይሆን 644 የሆነ ፋይል በአንዱ አካውንት ኮፒ አድርጎ መጻፍ በተፈቀደለት ሌላ አካውንት ማረምም ይግባ፤ ባዶው ያልፋል፣ ኮፒው ይወድቃል።

ማስተካከያው «ሴትፋክል» (ዝርዝሩን የሚቀይር ትእዛዝ) ነው፦ ከሥር ያለውን ሁሉ እንዲያዳርስ በማይነስ ትልቁ አር፣ ማስኩን ማንበብ፣ መጻፍና ትልቁ ኤክስ አድርጉት። ትልቁ ኤክስ ማለፊያን ለፎልደሮችና አስቀድሞ ማስኬጃ ላላቸው ፋይሎች ብቻ ይሰጣል፤ ትንሹን ከተጠቀማችሁ ሪፖርቱ ሁሉ የሚሠራ ፕሮግራም መስሎ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ በዚህ ዛፍ ላይ «ሲኤችሞድ» አይነካ።

«የድሮው ይከፈታል፣ አዲሱ አይከፈትም» (ወይም ተገላቢጦሹ)

አዲሱ ካልተከፈተ ዲፎልት አልተቀመጠም። የድሮው ካልተከፈተ ደግሞ የተቀመጠው ዲፎልት ብቻ ነው፤ ዲፎልት ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይሠራም። ሁለት ትእዛዝ ያስፈልጋል፦ አንዱ ላሉት ፋይሎች፣ ሌላው ማይነስ ዲ ተጨምሮበት ለሚመጡት።

ፋይሉ በ«ኤምቪ» ከሌላ ቦታ ተዛውሮ ከሆነም ተመሳሳይ ምልክት ይታያል። በአንድ ዲስክ ውስጥ የተዛወረ ፋይል የድሮ ፈቃዱን ይዞ ይሄዳል። ከማቻከል ወደ ደብረ ኤልያስ የተዛወረ ሰነድ ለማቻከል ግሩፕ ክፍት እንደሆነ ይቆያል፣ ለደብረ ኤልያስ ግን ይዘጋል። የማቻከል ሠራተኛ የደብረ ኤልያስን ፎልደር የማለፍ ፈቃድ ስለሌለው ፍሳሹ አይታይ ይሆናል፤ ያ ግን ዕድል እንጂ ደንብ አይደለም።

«ዝውውር ደርሶት ወረዳ ገብቷል፣ እንደ ቀበሌ ነው የሚታየው»

ሰርቨሩ ፈቃድ የሚፈልገው በቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ የፋይሉ ባለቤት፣ ቀጥሎ በስሙ የተጠቀሰ ሰው፣ ከዚያ ግሩፖች፣ በመጨረሻ ሌሎች። በስሙ የሚመለከተው መስመር ካገኘ ወደ ግሩፕ አይወርድም። ስለዚህ በስሙ «ማንበብ ብቻ» የሚል አሮጌ መስመር የቀረበት ሰው ከአሥር ግሩፕ ቢገባም አይጽፍም። መስመሩን በ«ሴትፋክል ማይነስ ኤክስ» አንሱት፤ ዲፎልቱም ላይ ካለ እዚያም እንዲሁ። ፈቃድ ለግሩፕ ይሰጥ እንጂ ለግለሰብ አይሰጥ። ዝውውር በሚበዛበት መሥሪያ ቤት ሌላው መንገድ ቶሎ ይበላሻል።

ተገላቢጦሹ ይብሳል፦ ከግሩፕ የወጣ ሰው አሁንም ይገባል። የግሩፕ አባልነት የሚነበበው ሲገባ ነው፤ ክፍት ሴሽኑ (ከገባ ጀምሮ እስኪወጣ ያለው ቆይታ) የድሮውን ይዞ ይቆያል። በሰውየው ተርሚናል «አይዲ» (የግሩፕ አባልነትን የሚያሳይ ትእዛዝ) ብቻ ብላችሁ፣ ከዚያ «አይዲ» ከነስሙ ብላችሁ አወዳድሩ፤ ከተለያዩ ወጥቶ ይግባ። በሱዱ የሚደረግ ሙከራ አባልነቱን እንደ አዲስ ስለሚያነብ ይህን ችግር ይሸፍነዋል፤ ልብ ይባል።

«ደንቡን ጭኛለሁ፣ ምንም አልተለወጠም»

ፎልደሩ የትኛው ነው? «ጎጃም» እና «ጐጃም» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለሰርቨሩ ሁለት የተለያዩ ስሞች። «ምሥራቅ» እና «ምስራቅ»ም እንዲሁ። ስክሪፕቱ (ትእዛዞቹ በተራ የተጻፉበት ፋይል) በአንዱ፣ ፎልደሩ በሌላው ከተጻፈ ትእዛዙ «የለም» ብሎ ይመልሳል፤ ስክሪፕቱ ፎልደር ካልተገኘ የሚፈጥር ከሆነ ደግሞ ደንቡ የሚያርፈው አዲስ በተፈጠረ ባዶ ፎልደር ላይ ነው። ሌላው ክፍት ቦታ ነው፦ «ሁለት እጁ እነሴ» ያለ ጥቅስ ምልክት ከተጻፈ ሦስት የተለያዩ ስሞች ይሆናል። «እናርጅ እናውጋ»ም ሁለት። የፎልደር ስም በአንድ አጻጻፍ፣ ከክፍት ቦታ ይልቅ በሥር መስመር (_) ይያያዝ፤ ዝርዝሩም ከአንድ ፋይል ይነበብ እንጂ በየስክሪፕቱ እንደገና አይተየብ።

«ማንበብ ብቻ ያለበትን ፋይል ሰረዘው»

መሰረዝ የሚወሰነው በፋይሉ ሳይሆን በያዘው ፎልደር የመጻፍ ፈቃድ ነው። ሰው የራሱን ብቻ እንዲሰርዝ ከፈለጋችሁ ፎልደሩ ላይ ስቲኪ ቢት አድርጉ፤ በዚያን ጊዜ የሚሰርዘው የፋይሉ ባለቤት፣ የፎልደሩ ባለቤት ወይም ሩት ነው። በእኛ ምሳሌ ግን ወረዳው የቀበሌውን ፋይል መሰረዝ ስላለበት አይሆንም።

«መብራት ከተመለሰ ወዲህ ሁሉም ተከለከለ»

ፈቃዱን ከመነካካታችሁ በፊት ዲስኩን እዩ። ሰርቨሩ ሲነሳ የመረጃው ዲስክ ካልተያያዘ የምታዩት ከሥሩ ያለውን ባዶ ፎልደር ነው፤ የእሱ ፈቃድ ሌላ ነው። «ፋይንድማውንት» ያሳያችኋል። በዚህ ሰዓት ደንቡን እንደገና የሚጭን ሰው ባዶው ፎልደር ላይ ይጭነዋል፤ ሠራተኞችም እዚያ መጻፍ ይጀምራሉ፤ ዲስኩ ሲያያዝ የጻፉት ከዓይን ይሰወራል።

«ከባክአፕ መለስን፣ ፋይሉ አለ፣ ፈቃዱ የለም»

ኮፒ አድራጊው «አርሲንክ» ያለ ትልቁ ኤ፣ ፋይል አሻጊው «ታር» ያለ ኤሲኤልስ አማራጩ ተጨማሪ የፈቃድ ዝርዝሩን አይዙም። ታር ላይ አማራጩ ሲታሸግም ሲፈታም ያስፈልጋል። ከዚህ በተጨማሪ በየምሽቱ «ጌትፋክል ማይነስ ትልቁ አር» ተደርጎ ውጤቱ ወደ ጽሑፍ ፋይል ይቀመጥ። ይህ ፋይል ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ከትናንቱ ጋር በ«ዲፍ» ሲነጻጸር ማን ምን እንደተለወጠበት ያሳያል፣ በ«ሴትፋክል» የሪስቶር አማራጭ ደግሞ ፈቃዱን ይመልሳል። ለመመለስ ዝርዝሩ የተወሰደበት ፎልደር ውስጥ ሆናችሁ አስኪዱት፤ መንገዶቹ ከዚያ ነው የሚቆጠሩት። ከተመለሰ በኋላ 48ቱ ከ1 ጀምሮ እንደገና ይሂዱ፤ ተጠቃሚዎቹ በሳምባ (የሊኑክስን ፎልደር ለዊንዶውስ በሚያጋራ ፕሮግራም) በኩል ከዊንዶውስ የሚገቡ ከሆነም አንድ ዙር ከዚያ በኩል ይደገም፤ ሳምባ በሼሩ (በሚያጋራው ፎልደር) ላይ የራሱ ክልከላ አለውና፣ ሁለቱ ሲለያዩ የሚያሸንፈው ጠባቡ ነው።